ከዛፍ የሚቀዳ መጠጥ ፍለጋ

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



ስለ መጠጥ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለተከለከለው ነው። ስለ ኸምር አስከፊነት፣ በቤተሰብ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነው። ሆኖም አላህ (ሱ.ወ.) ለባሮቹ የፈቀደው ከከለከለው እጅግ የበዛ ሆኖ ሳለ፣ የተፈቀደውን ቆጥረን ለማወቅ የምናጠፋው ጊዜ ጥቂት ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ከዚሁ ከሐላሉ ወገን ስለሆነ አንድ ነገር ነው፤ ከዛፍ ቅርፊት፣ ከቅጠል፣ ከፍሬ፣ ከአበባና ከእንጨት ጭስ ሳይቀር ጣዕማቸውን ስለሚወስዱ፣ በዚህችው በአዲስ አበባ ፈልገን ስላገኘናቸው መጠጦች።

ፍለጋውን የጀመርነው ለጨዋታ አይደለም። እናቴ የስኳር ሕመም እንዳለባት ከታወቀ በኋላ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ያዘዛት ለስላሳ መጠጥ እንድታቆም ነበር። ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል። በእኛ ቤት ደግሞ ለዘመናት የኢፍጣር ማዕድ ማለት ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳና በመሃል የሚቀመጥ ትልቅ የለስላሳ ጠርሙስ ነው። እናቴ ሕመሙን እንደ አላህ ቀደር ተቀብላ፣ በመጠጡ ግን አዘነች። «ሁሉም እየጠጣ እኔ ውሃ ይዤ ልቀመጥ?» አለች። ነገሩ የመጠጥ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። በማዕድ ላይ ከቤተሰቡ ተለይቶ መቀመጥን የፈራች ሴት ድምፅ ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ተማክረን፣ ለእሷ ብቻ የሚሆን ሳይሆን ሁላችንም አብረናት የምንጠጣው ነገር ልንፈልግ ተነሳን። ዛፍ ዛፉን እንድንከተል ያደረገን ታላቁ ልጄ ነው፤ በትምህርት ቤት ስለ ዕፅዋት ይማር ስለነበር «ሰው ስኳርና ቀለም ከመበጥበጡ በፊት የሚጠጣው ከዛፍ አልነበረም ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

በጠርሙሱ ውስጥ የተደበቀው ዛፍ

ፍለጋውን የጀመርነው ከቅርባችን፣ አዲሱ ገበያ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ባለሱቁን «ከዛፍ የተሠራ ለስላሳ አለህ?» ብንለው ሳቀብን። ጠርሙሶቹን እያገላበጥን ስናነብ ግን ዛፍ የሌለበትን ማግኘቱ ነው የከበደን።

ቶኒክ ተብሎ የሚሸጠውን መራራ መጠጥ ታውቁታላችሁ። ያ ምሬት የዛፍ ቅርፊት ምሬት ነው። ሲንኮና የሚባለው ዛፍ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከቅርፊቱ ኪኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ለብዙ ዘመን የወባ ዋነኛ መድኃኒት ሆኖ ያገለገለው ይኸው ነው። እጅግ መራራ በመሆኑ ከስኳርና ከጋዝ ውሃ ጋር እየተቀላቀለ መጠጣት ጀመረ፤ ቶኒክም ከዚያ መጣ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ከጠርሙሱ ይልቅ ስሙን አብልጠን ወሰድነው። ዛሬ ለማንኛውም የሚዋጥ መድኃኒት «ኪኒን» ስንል የዚያን የሩቅ አገር ዛፍ ስም እየጠራን ነው። ማስቲካ የምንለውም እንዲሁ ነው፤ ስሙ የመጣው በሜዲትራኒያን አካባቢ ከሚበቅል ቁጥቋጦ ከሚገኝ ሙጫ ነው።

እናቴ ይህን ስትሰማ «መራራ ከሆነማ ለኔ ይሆናል» አለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምሬቱ ስኳሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ተራው ቶኒክ እንደ ሌሎቹ ለስላሳዎች ሁሉ ስኳር የተሞላ ነው። ስለዚህ አለፍነው።

«ኮላ» የሚለውም ስም የዛፍ ነው። ኮላ በምዕራብ አፍሪካ የሚበቅል ዛፍ ሲሆን፣ ፍሬው በናይጄሪያና በአካባቢዋ ባሉ ሙስሊሞች ዘንድ በኒካሕና በሕፃን ስም ማውጫ ቀን ለእንግዳ ይታደላል፤ እኛ ዘንድ ቡና እንደሚቀርበው ማለት ነው። ታናሹ ልጄ ደግሞ በአንድ የብርቱካን ለስላሳ ላይ «ኢ 414» የሚል ጽሑፍ አገኘ። ይህ የግራር ሙጫ ነው። የብርቱካኑ ዘይት ከውሃው ተለይቶ ወደ ላይ እንዳይንሳፈፍ አቀላቅሎ የሚይዘው እሱ ነው። ሙጫው ከሱዳን፣ ከቻድ፣ ከእኛም አገር ቆላ ከሚበቅል ግራር ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል እንኳ ይህ ሙጫ ከማዕቀቡ ነፃ እንዲሆን ተደርጓል፤ የለስላሳ ፋብሪካዎቿ ያለ እሱ መሥራት ይቸግራቸው ነበርና። አንድ የቆላ እረኛ ከግራር ልጦ የሚያነሳው ሙጫ ኃያላን መንግሥታትን ሲያስጨንቅ ማየት ሱብሓነላህ ያሰኛል።

ቅጠሉን የሚጠጡ የቡና ባለቤቶች

ከሱቅ ተስፋ ቆርጠን ወደ ሰው ዞርን። በመርካቶ ቅመም የሚሸጡ አንዲት የሐረር እናት ጉዳያችንን ስንነግራቸው፣ ከማዳበሪያ ውስጥ የደረቀ ቅጠል ዘግነው አሳዩን። «ይህ ቁጢ ነው፤ የቡና ቅጠል» አሉን። «እኛ ዘንድ ፍሬው ለገበያ፣ ቅጠሉ ለቤት ነበር።»

አሠራሩን እንደነገሩን ልንገራችሁ። የደረቀው ቅጠል በምጣድ ላይ በለሰለሰ እሳት ይታመሳል፤ እንዳያር መጠንቀቅ ነው። ከዚያ በእጅ ይፈረፈርና በውሃ ረዘም ላለ ጊዜ ይፈላል። ቀለሙ ወደ ቀይ ሲያደላ ወተት ይጨመርበታል፤ የፈለገ ጨው፣ የፈለገ ስኳር ያደርግበታል። ሽታው የቡናም የሻይም ይመስላል፣ ግን ከሁለቱም ለየት ያለ ነው። የቡናው ገለባም አይጣልም። አሸር ይባላል፤ ተፈልቶ ይጠጣል፤ ከወተት ጋር ሲሆን ሆጃ ይሉታል። በካፋና በአካባቢው ደግሞ የቡናን ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚያቃጥሉ ቅመሞች ጋር አፍልተው ጨሞ የሚሉትን መጠጥ ያዘጋጃሉ። እነዚህ ድሆች ቡና ሲያጡ የፈጠሯቸው ምትኮች ብቻ አይደሉም፤ ራሳቸውን የቻሉ የቆዩ መጠጦች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ የፈቀደው ገና እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ የሐረር እናቶች ፈቃድ ሳይጠብቁ ስንት ዘመን ጠጥተውታል!

እግረ መንገዴን ወጣቶች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ታሪክ ላንሳ። ቡና በ15ኛው መቶ ዘመን በየመን ሱፍዮች ዘንድ ለሌሊት ዚክር መበርቻ ሆኖ ሲስፋፋ፣ «ያሰክራል፣ አያሰክርም» የሚል ክርክር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1511 በመካ የነበረው ሹም ኻኢር በይ ቡናን አገደ። ብዙም ሳይቆይ ከካይሮ የመጣው ትእዛዝ እገዳውን አላላው፤ ውሎ አድሮም ዑለማው ቡና አእምሮን እንደማይወስድ ተረድተው መፈቀዱ ጸና። ከዚህ የምንማረው አዲስ ነገር ባየን ቁጥር «ሐራም» ለማለት መቸኮልም፣ ሳይጠይቁ መጠጣትም ልክ አለመሆናቸውን ነው። መጠየቅና መመርመር የቀደምቶቻችን መንገድ ነው።

ቁጢውን በወተትና በትንሽ ጨው አፍልተን ለእናቴ አቀረብን። ቀመሰችና ዝም አለች። ከዚያ «ይህንን በልጅነቴ የጎረቤታችን የሐረሯ ሴት ቤት ጠጥቼው ነበር፤ ስሙን ነው የረሳሁት» አለች። ልጆቹ ተያዩ። እኛ አዲስ ነገር ፍለጋ ስንዞር እሷ የጠፋባትን ነው ያገኘችው።

የሕንድ ተምር ያልሆነው የሕንድ ተምር

ሁለተኛው ግኝታችን ተምር ሂንዲ ነው። ስሙ በዐረብኛ የሕንድ ተምር ማለት ቢሆንም ዛፉ ተምርም አይደለም፣ ጥንተ አገሩም አፍሪካ ነው። በአማርኛ ሮቃ ወይም ሁመር ይባላል፤ በቆላው አገራችን በብዛት ይበቅላል። ቡናማ ልጡ ውስጥ ያለው ኮምጣጣ ሥጋ ነው መጠጥ የሚሆነው። በቦሌ ሚካኤል አካባቢ ባሉ የሶማሌ ምግብ ቤቶችና በመርካቶ ጠይቀን አገኘነው።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። አንድ እፍኝ የሚሆነውን በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ነክሮ ጥቂት ሰዓት ማቆየት፣ በንጹሕ እጅ አሽቶ ፍሬውን መለየት፣ በወንፊት ማጥለል፣ ማቀዝቀዝ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ስኳር ይበዛበታል፤ በቤት ሲሠራ ግን ለስኳር ሕመምተኛ ያለ ስኳር፣ በጣም ቀጠን አድርጎ፣ ቁንጥር ጨውና አንድ ስንጥር ቀረፋ ጨምሮ ማቅረብ ይቻላል። መኮምጠጡ ቀኑን ሙሉ የደረቀ አፍን ያነቃል። ሆድን የሚያላላ ስለሆነ ግን ከአንድ ብርጭቆ አለማለፍ ይሻላል። ኮምጣጣ በመሆኑም ከብረት ዕቃ ይልቅ በሸክላ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ቀረፋ ካልኩ አይቀር፣ በዚሁ ሰሞን ልጆቼ ያስተዋሉት ነገር አስገረመኝ። ቀረፋ የዛፍ ቅርፊት ነው። ቅርንፉድ የዛፍ እንቡጥ ነው። የሻይ ቅጠል እንኳ ሳይገረዝ ቢተው ዛፍ የሚሆን ተክል ነው። ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት እናታቸው በቀረፋና በቅርንፉድ የምታፈላላቸው ሻይ የሦስት ዛፎች መጠጥ ነበር ማለት ነው! ኒዕማ ብዙ ጊዜ የሚሰወርብን በመራቁ ሳይሆን በመልመዳችን ነው።

የወይራ ጭስና የፓስተር ሰፈር

ከሁሉም በላይ የሰፈራችንን ጣዕም ያገኘነው ግን በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ነው። ከዳገቱ ሥር ላም የሚያረቡ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት አሉን፤ ልጆቹ «እትዬ» ይሏቸዋል። ወተት ልንገዛ ስንሄድ ዕቃውን እያጠኑ አገኘናቸው። የወይራ ስንጥር አቀጣጥለው፣ ፍሙን ከታጠበው ቅል ውስጥ ጨምረው፣ አፉን ከድነው ያናውጡታል። ጭሱ ውስጡን ከያዘ በኋላ ከሰሉን አራግፈው፣ ጠርገው ወተቱን ያደርጉበታል። ጭሱ ለወተቱና ለእርጎው መዓዛ ከመስጠቱም በላይ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። ከዛፍ ጣዕም የወሰደ መጠጥ ካላችሁ ይኸውላችሁ፤ ቅጠል የለበት፣ ፍሬ የለበት፣ የዛፉ ትንፋሽ ብቻ ነው ያለበት።

በእንጦጦ ሥር የሚኖር ሰው ባሕር ዛፍን እንጂ ወይራን ብዙ አያይም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ከውጭ የመጣ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ተራራውን ሸፍኖታል። አገር በቀሉን ወይራና ጽድ ማየት የሚሻ ግን የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ወደመሠረቱት፣ ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ወዳለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ልጆቹን ይዞ ይሂድ። የእኛ ወይራ ቁርኣን በሱረቱ አን-ኑር (24፡35) የተባረከ ዛፍ ብሎ ከጠቀሰው ከዘይቱን ጋር አንድ ወገን መሆኑን ለልጆቼ የነገርኳቸው እዚያው ዛፉ ሥር ቆመን ነው። አያቶቻችን ጥርሳቸውን የሚፍቁበት፣ ቤት የሚያጥኑበት፣ የወተት ዕቃ የሚያሸቱበት ዛፍ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ጭሱ ወተትን ያቆየዋል እንጂ በወተት የሚተላለፉ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉትን በሽታዎች አያስወግድም። በሰፈራችን ፓስተር የሚባለው ቦታ ስሙን ያገኘው በዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ኢንስቲትዩቱ የተሰየመበት ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ደግሞ ጀርሞች በሙቀት እንደሚሞቱ ያሳየ፣ ወተትን አሙቆ ማከምም በስሙ የተጠራለት ሰው ነው። በየቀኑ «ፓስተር ወራጅ አለ» እያልን ወተቱን ሳናፈላ ብንጠጣ ስሙን በከንቱ ጠራነው ማለት ነው። እኛ ወተቱን አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ ከዚያ በታጠነው ዕቃ ውስጥ እናደርገዋለን። መዓዛው አይቀርበትም።

ሌላው ጥንቃቄ ከዲናችን ጋር የተያያዘ ነው። በወይራ የሚታጠነው የወተት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የጠላ ጋንም ይታጠናል። ዕቃ ሲገዛ ወይም ሲዋስ የምን እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። እትዬ ይህን ሳንነግራቸው ያውቃሉ። በበዓላቸው ቀን ሲጠሩን «የናንተው ለብቻው ነው» ብለው ቀሪቦውን ከተለየ ዕቃ ይቀዱልናል። እንዲህ ያለው የጉርብትና አደብ አላህ እንዲያቆይልን ዱዓዬ ነው።

ሐላሉ መቼ ይለወጣል?

ቀሪቦን ካነሣሁ ዘንድ፣ ፍለጋችን ወደ አንድ ከባድ ጥያቄ እንዳደረሰን ልንገራችሁ። ታላቁ ልጄ «ቀሪቦም እርሾ አለው፤ ሁለትና ሦስት ቀን ቢቀመጥስ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሠርግና በልዩ ልዩ ድግስ ላይ ለሙስሊም ተብሎ የሚቀርበው ቀሪቦና ብርዝ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ፣ ከስኳርና ከእርሾ ይዘጋጃል። ብርዝ ማርና ውሃ ነው፤ ጠጅ ለመሆን ግን የሚጎድለው ገሾና ጊዜ ነው።

በመስጊዳችን የሚያስተምሩንን ኡስታዝ ጠየቅናቸው። ሲመልሱ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተምር ወይም ዘቢብ በውሃ ተነክሮ ይቀርብላቸው እንደነበር፣ ኢብኑ ዐባስ እንዳስተላለፉትም እስከ ሦስተኛው ቀን ከጠጡት በኋላ የተረፈውን ለሌላ ይሰጡ ወይም እንዲደፋ ያዝዙ እንደነበር ነገሩን፤ ሐዲሱ በሙስሊም ዘገባ ውስጥ ይገኛል። እንዲሁም የዐብዱልቀይስ ልዑካን በመጡ ጊዜ በቅልና በተቦረቦረ የተምር ግንድ ውስጥ መጠጥ ማዘጋጀትን ከልክለዋቸው እንደነበር፣ ኋላ ግን ዕቃው ሳይሆን ማስከሩ መሆኑን ገልጸው ዕቃዎቹን እንደፈቀዱ አብራሩልን። ሚዛኑ አንድ ነው፤ ብዙው የሚያሰክር ከሆነ ጥቂቱም ሐራም ነው። ገሾም ቢሆን እንደ ቅጠልነቱ ኸምር አይደለም፤ ጥያቄው የገባበት መጠጥ ምን ሆነ የሚለው ነው አሉን።

ይህ ትምህርት በልጆቼ ልብ እንዲቀር ብዬ ብርዝ በሁለት ብርጭቆ አዘጋጀን። አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ሌላውን ከማብሰያው አጠገብ ሞቅ ካለ ቦታ አስቀመጥን። በቀዝቃዛው ላይ እስከ ሦስተኛው ቀን የሚታይ ለውጥ አልነበረም። ሞቃቱ ግን አረፋ አወጣ፣ ሽታውም ተለወጠ። እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ ማውጣት ጀምሯል ማለት ነው። በማር ውስጥ በተፈጥሮው እርሾ አለ፤ ውሃ ሲያገኝ ይነቃል። ቅልና ሸክላ ደግሞ የቀድሞውን እርሾ በውስጣቸው ስለሚይዙ ነገሩን ያፋጥኑታል። ልጆቹ ሞቃቱን ራሳቸው ደፉት። ከ1400 ዓመት በፊት የተሰጠው የሦስት ቀን ገደብ ምን ያህል ጥበብ እንዳለው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከብርጭቆ አነበቡት።

ወጣቶች ሆይ! በድግስ ላይ «ይህ የእስላም ነው» ተብሎ ሲቀርብላችሁ በትሕትና «መቼ ተዘጋጀ? በምን ዕቃ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አስተናጋጁን ማሳፈር አይደለም። ድግስ የምታዘጋጁ ቤተሰቦችም ብርዙን በዕለቱ በጥብጡት፤ ቀሪቦውን ሳታስቆዩ አቅርቡት፤ የተረፈውን ለሳምንት አታኑሩት።

እናቴና ማሩ

በመጨረሻ የመጣው ክርክር ከእናቴ ጋር ነበር። ብርዙን ስታይ «ለኔስ?» አለች። ሐኪሙ ማርም ስኳርን ከፍ ያደርጋል ማለቱን አስታወስኳት። ተቆጣች። «አንተ ልጅ፣ አላህ ሺፋእ ነው ያለውን ሐኪም ይከለክለኛል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል (16፡68-69) ንብ በተራራ፣ በዛፍና ሰዎች በሚሠሩት ቤቷን እንድትይዝ እንዳሳወቃት፣ ከሆዷም ቀለሙ የተለያየ መጠጥ እንደሚወጣ፣ በውስጡም ለሰዎች መድኃኒት እንዳለ ነግሮናል። ዛፍና መጠጥ በአንድ ላይ የተጠሩበት አንቀጽ ነው። መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ኡስታዙ ቤታችን ድረስ መጥተው በእርጋታ አስረዷት። «እማማ፣ ቁርኣን በውስጡ መድኃኒት አለ ይላል። ለማንኛውም ሰው፣ ለማንኛውም ሕመም፣ በማንኛውም መጠን ግን አላለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለውናል፤ መታከም ማለት የሚያውቀውን ጠይቆ መስማት ነው። አካልዎም የአላህ አደራ ነው» አሏት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሩን የተወችው ልጇ ስለከለከላት ሳይሆን አደራ ስለሆነባት ነው፤ ልዩነቱ በፊቷ ላይ ይታያል።

ሁሉም ዛፍ አይጠጣም

ይህን ስታነቡ ያገኛችሁትን ቅጠል ሁሉ እንዳታፈሉ አደራ። ኮሶ ዛፍ ነው፤ አበባው ተወቅጦ ተበጥብጦ ለኮሶ ትል ሲጠጣ ኖሯል፤ ነገር ግን መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን እስከ መጉዳት የሚያደርስ ነው፤ ዛሬ በኪኒን ተተክቷል። የባሕር ዛፍን ቅጠል ለጉንፋን ቀቅሎ መታጠን በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ዘይቱ ግን መርዝ ነውና አይጠጣም። ካፉርም እንዲሁ ነው። የጀነት ሰዎች ካፉር ከተቀላቀለበት ጽዋ እንደሚጠጡ በሱረቱ አል-ኢንሳን (76፡5) ተነግሮናል፤ በዚያው ሱራ (76፡17) ዝንጅብል የተቀላቀለበትም ተወስቷል። በዱንያ ግን ካፉር ለጀናዛ ማጠቢያ እንጂ ለመጠጥ የሚሆን አይደለም፤ ሕፃን ቢውጠው ይጎዳዋል። የጀነቱን አላህ ይወፍቀን፤ የዱንያውን ከልጆች እናርቀው።

የባለፈው ረመዳን ማዕዳችን ላይ ሦስት ማንቆርቆሪያ ነበር፤ ቁጢ በወተት፣ ተምር ሂንዲ ያለ ስኳር፣ በወይራ የታጠነ ወተት። ልጆቹ መጀመሪያ ለአያታቸው ሲሉ ጠጡ፣ ኋላ ለራሳቸው። ለስላሳውን ማንም አልከለከላቸውም፤ ግን ማንም አልጠየቀም። እናቴ ቢስሚላህ ብላ፣ ቁጭ ብላ፣ በቀኝ እጇ ይዛ፣ በሦስት ትንፋሽ ስትጠጣ ሁላችንም አብረናት እንጠጣ ነበር።

በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ ለብቻው አታስቀምጡት፤ ማዕዱን ወደ እሱ አቅርቡት። በየቤታችሁ ያሉ አሮጊቶችንም ስለ ድሮ መጠጥ ጠይቋቸው፤ ብዙው ዕውቀት ከእነሱ ጋር እየሄደ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ዓፊያን፣ ለቤቶቻችን በረካን፣ ለምንጠጣው ሁሉ ሹክርን ይወፍቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።